የተነፈገችው ኪኒን

«ለገዛ እህትሽ! አንዲት ፍሬ ኪኒን! ለገዛ እህትሽ!»

ጩኸቱ የተሰማው በማለዳ ነው፤ የሕንፃው ሰው ግማሹ ገና ፊቱን ሳይታጠብ። ከሦስተኛው ፎቅ ተነሥቶ በደረጃው ቁልቁል ተንከባሎ እስከ መግቢያው በር ወረደ። ጎረቤቱ ሁሉ የጥርስ ብሩሹን በአፉ እንደያዘ ጆሮውን አቁሞ መልሱን ጠበቀ። መልስ የለም። የምትጮኸው ሚጡ ብቻዋን ናት። ታላቅ እህቷ እትዬ ስትቆጣ ዝም ማለት እንጂ መጮህ አታውቅበትም። ዕድሜዋን በስልክ ኦፕሬተርነት «ይጠብቁ»፣ «መሥመሩ ተይዟል»፣ «አገናኝቻለሁ» ስትል ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት፤ ቤቷ ገብታም ቢሆን ከዚያ የረዘመ ንግግር እንደ ብክነት ነው የምትቆጥረው።

ሚጡ የሚለው ስም ግን ማንንም እንዳያሳስት። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለነበረች በዳዴ ዘመኗ የወጣላት ስም ነው፤ እሷ አድጋ፣ ወልዳ፣ ልጇን ድራ፣ ሃምሳን ከተሻገረች በኋላም ስሙ ብቻ አላድግ ብሎ ቀረ። ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምፅዋ የጎላ፣ አንድ ጥቅል የመጋረጃ ጨርቅ ብቻዋን ተሸክማ ገበያ የምታቋርጥ ሴት ናት። ሥራዋ መጋረጃ መስፋትና መስቀል ነው። ልጇ አግብታ ከወጣች፣ የእትዬም ባል ካረፈ ወዲህ ሁለቱ እህቶች በእነዚህ ሁለት ክፍሎች አብረው ይኖራሉ። የፊተኛው ክፍል የሚጡ ግዛት ነው፤ የስፌት መኪናዋ፣ ብትን ጨርቁ፣ ከወንበር በታች የሚሽሎከለከለው ክር። የሰው አዳራሽና የሰው ሳሎን ስታለብስ የምትውለው ሴት የራሷን መስኮት መጋረጃ ጠርዝ እስከ ዛሬ በመርፌ ቁልፍ ይዛ ነው ያቆየችው። የጓዳው ክፍል የእትዬ ነው፤ አልጋው እንደ ወታደር አልጋ የተወጠረ፣ ፎጣው በአራት ማዕዘን የታጠፈ፣ መድኃኒቷ በመሳቢያው ቀኝ ጥግ የተቀመጠ።

የጠቡ መነሻ የሚጡ ጉልበት ነበር። ሌሊቱን አብጦ፣ ማለዳ ከአልጋ ስትወርድ አልታጠፍ አላት። ሌላ ቀን ቢሆን ዘይት አሽታ ታልፈው ነበር። ዛሬ ግን አዲስ የተሠራ የስብሰባ አዳራሽ መጋረጃ የሚሰቀልበት ቀን ነው፤ ወለል እስኪነካ የሚወርድ ቀይ የከፋይ ጨርቅ፣ ከአሥር በላይ መስኮት፣ ነገ ምረቃ። ወደ መሰላሉ መውጣት አለባት። እትዬ ለራሷ ጉልበት ሐኪም ያዘዘላት ኪኒን እንዳላት ሚጡ ታውቃለች፤ በየማለዳው ቁርሷን በልታ ስትወስድ አይታታለች። ስለዚህ እጇን ዘረጋች።

«አንዷን ስጪኝ እስቲ።»

«አይሆንም» አለች እትዬ።

«ምን ማለት ነው አይሆንም?»

«በእኔ ስም የታዘዘ ነው።»

«ያንቺም ጉልበት ጉልበት ነው፤ የእኔም ጉልበት ጉልበት ነው! አንድ እናት አይደለችም እንዴ የሠራችው?»

እትዬ መሳቢያውን ከፈተች፣ ካርቶኑን አወጣች፣ የቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተች፣ ቁልፉንም ቆለፈች። ሚጡን ደም ስሯ እስኪገታተር ያስጮሃት ይህ ነው፤ እምቢታው እንኳ አይደለም፣ ያቺ የኪስ ቁልፍ። በልጅነታቸው አንድ ብርድ ልብስ እየተጓተቱ ተኝተዋል፣ አንድ ጫማ በፈረቃ አድርገዋል፤ ዛሬ እንደ ሌባ ኪስ ይቆለፍባት?

ከዚያ ወዲያ ሻዩ ተቀዳ። እትዬ ዳቦውን ቆርሳ በእህቷ በኩል አስጠጋች፤ ሚጡ በክርኗ መልሳ ገፋችው። የግድግዳው ሰዓት ቷ ቷ ይላል። ከታች የእቃ መኪና ወደኋላ ሲሄድ ይጮሃል። እትዬ አንድ ጊዜ አፏን ከፈት አደረገችና ተወችው። ሚጡም አይታታለች፤ «ትናገር እንደሆነ ትናገር!» ብላ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ምንም ሳትቀምስ መቀሷን፣ ሜትሯንና የመርፌ ሳጥኗን በቦርሳዋ ከታ ወጣች። በሩን ልታላጋው ፈልጋ ነበር፤ እጀታው ላልቶ ስለነበር ግን እንዳሰበችው አልጮኸላትም።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጋሼ ሾፌር በራቸውን ከፍተው ይጠብቋት ነበር። ጋሼ ሾፌር የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ደረጃ የሚወጣውን የሚወርደውን ሳያነጋግሩ የማያሳልፉ፣ ልበ ቀና ሽማግሌ ናቸው። ያላቸውን ለሰው መስጠት ይወዳሉ፤ መስጠት ከሚወዱት ነገር ደግሞ አንደኛው መድኃኒት ነው።

«ሰምቻለሁ፤ አትንገሪኝ» አሉ እጃቸውን አንሥተው። «ሰው ለእህቱ ኪኒን ይነፍጋል? ጉድ በል! ቆይ እዚህ።»

ከቤት አንድ ትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ብቅ አሉ። ክዳኑን ሲከፍቱት በውስጡ ነጭ፣ ቢጫ፣ ሮዝ፣ ክቡ፣ ሞላላው፣ የኪኒን ዓይነት ሁሉ እንደ ጥራጥሬ ተደባልቆ ይንሸራተታል። ካርቶኑ ቦታ ይፈጃል፣ ማሸጊያውም ይንኮሻኮሻል ብለው፣ መድኃኒት በገዙ ቁጥር እየፈለፈሉ ቆርቆሮው ውስጥ መገልበጥ ልማዳቸው ነው። በጣታቸው ፈልገው ፈልገው ትናንሽ ነጫጮቹን ለቀም ለቀም አድርገው በሶፍት ጠቀለሉላት።

«ይቺ ናት። ወገቤን ይዞኝ ቀጥ ብዬ በቀረሁ ጊዜ ያዳነችኝ እሷ ናት። በአንድ ቀን!»

«ዕድሜ ይስጥልኝ ጋሼ። ከሥጋ ዘመድ ጎረቤት ይሻላል» አለች ሚጡ፣ ድምፅዋን ወደ ሦስተኛው ፎቅ ከፍ አድርጋ። አንዷን ፍሬ እዚያው በእሳቸው ውኃ ዋጠች። ሆዷ ባዶ ነበር፤ ማን ግድ ይለዋል።

አዳራሹ ቀለሙ ገና ይሸታል። ወንበሮቹ ፕላስቲካቸውን እንደለበሱ በአንድ ጥግ ተደርድረዋል፤ መስኮቶቹ ረጃጅምና ራቁታቸውን ናቸው። የሥራ ባልደረባዋ፣ የመጋረጃ ዘንግ የሚገጥመው አናጢ፣ ቀድሟት ደርሶ ግድግዳውን ይቦረቡራል። ቁመቱ የመሰላል ያህል ስለሆነ ሰው ሁሉ ረጅሙ ይለዋል። ሚጡ ከፋዩን እየዘረጋች፣ እጥፋቱን እየቆጠረች፣ የማለዳውን ግፍ ከሀ እስከ ፐ ተረከችለት። ረጅሙ መሰርሰሪያው እየጮኸ በየመሃሉ «እህ» ይላታል፤ ግማሹን ያልሰማው መሆኑ ታሪኩን አላጎደለባትም። የገበር ጨርቅ ዋጋ ሰማይ መንካቱን፣ የአዳራሹ ኃላፊ መጥቶ ቀዩ ከፋይ ከናሙናው ይልቅ ደመቀ ማለቱን፣ ይህንንም ያንንም ሲያወሩ ረፋዱ ሆነ። ጉልበቷ ግን ያው ነው፤ እንዲያውም የባሰበት መሰላት።

«ሰውዬው የሰጡኝ ኪኒን አቅም የላትም» አለች።

«አንዲት ብቻ ነው የዋጥሽው?»

«አንዲት።»

ሶፍቱን ፈታች። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይላል ያገሬ ሰው» ብላ ሁለተኛዋን ዋጠችና ወደ መሰላሉ ወጣች።

ሦስተኛው መስኮት ላይ ነበረች። የከፋዩን ጫፍ በትከሻዋ ደግፋ ቀለበቶቹን በዘንጉ ላይ እያስገባች ሳለ መጀመሪያ ጆሮዋ ጭው አለ። ቀጥሎ የአዳራሹ ጣራ እንደ መርከብ ዘንበል ያለ መሰላት። እጇ ላብ በላብ ሆነ። «ልወርድ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷ እንኳ ከሩቅ የመጣ ይመስላል። አንድ እርከን ወረደች፣ ሁለተኛውን ወረደች፤ ሦስተኛውን እግሯ አጣው። የያዘችው ነገር ከፋዩ ነበርና ከፋዩም አብሯት መጣ። ረጅሙ ዘወር ሲል ሚጡ የለችም። መሬት ላይ ያለው አንድ ትልቅ ቀይ ክምር ብቻ ነው፤ ክምሩ ደግሞ ያቃስታል።

«ሚጡ! የት ነሽ?»

«እዚህ ነኝ መሰለኝ» አለ ክምሩ።

ከየት በኩል እንደሚገባ ጠፍቶት ከፋዩን በዚህ በዚያ ሲገልጥ ቆይቶ ፊቷን አገኘው። ፊቷ እንደ ገበር ጨርቁ ነጥቷል። የወደቀችው በጨርቁ ላይ ስለነበር አጥንቷ ደኅና ነው፤ ቀና ልትል ስትሞክር ግን አዳራሹ እንደገና ተሽከረከረ። ረጅሙ ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥቶ «ማን ጋ ልደውል?» አላት። ሚጡ ጥቂት አሰበች። ኩርፊያዋ እንዳለ ነው፤ የምታስበው ስም ግን አንድ ብቻ ነበር።

«እትዬ የሚል አለ» አለችው በቀስታ።

እትዬ ስትደርስ ሚጡ በመጀመሪያ ያየችው እግሯን ነው። ይቺ ነጠላዋ ሳይተኮስ እስከ ሱቅ እንኳ የማትወጣ ሴት፣ የቤት ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች፣ ያውም ግራና ቀኙ የተለያየ፣ ከታክሲ ወርዳ መጥታለች። ፊቷ ግን የተለመደው ነው። ወለሉ ላይ ተንበረከከች፣ የእህቷን እጅ ያዘች፣ በዚያ በኦፕሬተር ድምፅዋ ጠየቀች።

«ምን ዋጥሽ?»

«ኪኒን።»

«ስንት?»

«አንድ ከቤት ስወጣ። አንድ ደግሞ ቅድም።»

«እህል ቀምሰሻል?»

«አልቀመስኩም።»

«ከማን?»

ሚጡ የከፋዩን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። እትዬም ጠበቀች፤ መሥመር መጠበቅ ኖራበታለች።

«ከጋሼ ሾፌር» አለች ሚጡ በመጨረሻ።

እትዬ ስልኳን አነሣች። «ጋሼ፣ ያንን ቆርቆሮ ይዘው ከአዲሱ የስብሰባ አዳራሽ ጥግ ያለው ክሊኒክ ይምጡ። አዎ፣ የኪኒኑን። እንዳለ፤ ምንም ሳይነኩ።» ስልኩን ዘጋችና ወደ ረጅሙ ዞረች። «አንተ ልጅ፣ ያንተ ትከሻ ለዛሬ ነው የተፈጠረው። አንሣት።»

ክሊኒኩ ውስጥ አንድ ወጣት ሐኪም ሚጡን አስተኝቶ እግሯን በሁለት ትራስ ከፍ አደረገላትና የደም ግፊቷን ለካ። መለኪያውን አየና ደግሞ ለካ። ወርዷል፣ በጣም ወርዷል አለ። እትዬ ያወቀችውን ሁሉ በቅደም ተከተል ነገረችው፤ ምን እንደዋጠች፣ ስንት፣ በምን ሰዓት፣ ሆዷ ባዶ እንደነበር፣ ጠዋትም የእሷን ኪኒን ለምና እንደከለከለቻት። ቀጥላም ማንም ሳይጠይቃት አከለችበት።

«ጨጓራም አለባት። አምና ጨጓራዋ ደምቶ ሆስፒታል ተኝታ ነበር።»

«ጨጓራና ጉልበት ምን አገናኛቸው?» አለች ሚጡ ከአልጋው ላይ።

ጋሼ ሾፌር ቆርቆሯቸውን አቅፈው እያለከለኩ ገቡ። የክሊኒኩ መድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ መነጽሯ ፊቷን የሚሸፍን ቀጠን ያለች ወጣት፣ ተጠርታ መጣች። በሶፍት ከተረፈችው ነጭ ፍሬ አንዷን በብርሃን ስር አገላብጣ የተቀረጸባትን ፊደል አየች፤ ቆርቆሮውንም እስከ ታች ፈትሻ ሽማግሌው መፈልፈል የረሱትን አንድ ማሸጊያ አገኘች። ፊደሉ ገጠመ።

«ይሄ የወገብ መድኃኒት አይደለም» አለች። «የደም ግፊት ማውረጃ ነው። የማን ነው?»

«የእኔ» አሉ ጋሼ ሾፌር።

«አባቴ፣ ግፊትዎ ከፍ ላለ ለእርስዎ ልክ ነው። ግፊቷ ደኅና ለሆነ ሰው ግን፣ ያውም ሁለት፣ ያውም በባዶ ሆድ...» ወደ አልጋው አመለከተች። የቀረውን አልጋው ተናገረ።

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ። «ዕድሜ ልኬን ሰው ሳሳፍር ኖሬ» አሉ፣ «ዛሬ ደግሞ ራሴን አሳፈርኩ።» ሚጡ ራሷ እየዞረም ቢሆን ሳቀች። ስትስቅ ደግሞ ሐኪሙ፣ «ጥሩ ነው፤ የሚስቅ ሰው ግፊቱ እየተመለሰ ነው» አላት። የሚወጋም የሚቆረጥም ነገር የለም፤ ተኝታ፣ ፈሳሽ እየጠጣች፣ እየተለካች፣ መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ እዚያው ትቆያለች ማለት ነው። ሐኪሙ ሊወጣ ሲል ግን በሩ ላይ ቆም አለ።

«ለመሆኑ የእህትዎ ኪኒን ምን ነበር?»

እትዬ የኪሷን ቁልፍ ፈትታ ካርቶኑን ሰጠችው። አነበበና ወደ ሚጡ ዞረ። «ይህንን አለመውሰድዎ ትልቅ ዕድል ነው። የዚህ ዓይነት የሕመም ማስታገሻ የደማ ጨጓራ ላለበት ሰው አይሰጥም፤ እንደገና ሊያደማው ይችላል። ያን ጊዜ እንዲህ የምንሳሳቅ አይመስለኝም።»

ሐኪሙ ወጣ። ጋሼ ሾፌርም ቆርቆሯቸውን ይዘው ባለመነጽሯን ተከተሉ። ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ እህቶች ቀሩ። በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ አንሶላው ላይ ተኝቷል፤ ኮሪደሩ ላይ የሆነ ሕፃን ያለቅሳል፣ እናቱ ታባብለዋለች። ሚጡ ዓይኗን ከጣራው ወደ እህቷ መለሰች።

«ታውቂ ነበር?»

«ምኑን?»

«ጨጓራዬን እንደሚያደማው።»

«ኪኒኑን ሲሰጡኝ፣ ጨጓራ አለብዎት ወይ ብለው ጠይቀውኛል። እኔ የለብኝም፤ አንቺ ግን ትዝ አልሽኝ።»

«ታዲያ ይህንን ጠዋት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ‹በእኔ ስም የታዘዘ ነው› ይባላል? ጨጓራሽን ፈርቼ ነው አይባልም?»

እትዬ የአልጋውን ጠርዝ በእጇ ዳበሰች። «ትጮሂ ነበር።»

«ብጮህስ!»

«ስትጮሂ ቃል ይጠፋኛል፤ ከጥንትም» አለች እትዬ። «ሳስብ ሳስብ፣ ያገኘሁትን ስናገር አንቺ ወጥተሽ ሄደሽ ነበር። በሩ ላይ ነው የነገርኩሽ። ለበሩ።»

ሚጡ የምትመልሰው ነገር ፈለገች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል የጠፋት እሷ ሆነች። እጇን ዘርግታ የእህቷን እጅ ያዘችና፣ በዚያው እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ እትዬ ከተቀመጠችበት አልተንቀሳቀሰችም፤ እጇም እዚያው ነው።

ከሰዓት በኋላ ግፊቷ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ተነሥታ ስትቆም ወለሉ አልዞረም። ሐኪሙ ለጉልበቷ የሚቀባ ቅባትና ጨጓራዋን የማይነካ ቀለል ያለ ማስታገሻ አዘዘላት፤ ዛሬ መሰላል የለም፣ ነገም የለም አላት። እህቶቹ ማዘዣውን ይዘው ወደ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ሄዱ። ከኋላቸው ረጅም ሰልፍ አለ፤ ጉንፋን የያዘው፣ ልጅ ያዘለች፣ ክራንቹን የተደገፈ። ጋሼ ሾፌርም እዚያው መስኮት ጥግ ቆመው፣ ባለመነጽሯ ከቆርቆሯቸው ውስጥ የማይታወቀውንና ጊዜው ያለፈበትን ለይታ ለማስወገድ ስታስቀምጥ፣ እያንዳንዱን ፍሬ እንደሚሰናበቱት ዘመድ በዓይናቸው ይሸኙታል።

«እናቴ፣ አንድ ፍሬ ጠዋት፣ አንድ ቀን፣ አንድ ማታ፤ ከዚያ አይለፉ» አለቻት ባለመነጽሯ ካርቶኑ ላይ እየጻፈች።

«ካልተሻለኝስ? ሁለት ሁለት ባደርገው?»

«አይቻልም።»

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለም እንዴ?»

ሰልፉ ሳቀ። ባለመነጽሯም ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «እሱ ለሰው ነው እናቴ» አለች። «ኪኒኖች ሲተባበሩ የሚጥሉት እርስዎን ነው፤ ዛሬ አይተዋል። ካልተሻለዎት ወደዚህ ይምጡ እንጂ መጠኑን በራስዎ አይጨምሩ።»

«ብረሳስ?»

«ትዝ ሲልዎ ይውሰዱ። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን ይተዉት፤ ለማካካስ ብለው አይደርቡ። ሌላ መድኃኒት የሚጨምሩ ከሆነም፣ የጉንፋንም ቢሆን፣ መጀመሪያ ይጠይቁኝ፤ በውስጡ ያው መድኃኒት ሊኖርበት ይችላል።»

እትዬ በእያንዳንዱ ቃል ራሷን ትነቀንቃለች፤ የክፍል አለቃ ትመስላለች። ሚጡም ይህንን ሁሉ ካዳመጠች በኋላ፣ ያለ አንዳች ተንኮል፣ የመጨረሻ ጥያቄዋን ጠየቀች።

«እንዲሁ ነው የምውጠው ወይስ እንደ እትዬ በማንኪያ ልፍጨው?»

ባለመነጽሯ ብዕሯን አቆመች። «በማንኪያ?»

«እሷ እኮ በማንኪያ ጀርባ ድቅቅ አድርጋ ፈጭታ፣ በስኳር ለውሳ ነው የምትወስደው።»

የእትዬ አንገት ከነጠላው ውስጥ ሰመጠ። ባለመነጽሯ የእትዬን ካርቶን ከእጇ ተቀብላ አየችና መነጽሯን ወደ ላይ ገፋች።

«እናቴ፣ ይሄ ሆድ ውስጥ ገብቶ ቀስ በቀስ እየሟሟ ቀኑን ሙሉ እንዲሠራ ተደርጎ የተሠራ ነው። አይፈጭም፣ አይቆረጥም፣ አይታኘክም። ሲፈጩት የቀኑ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ሆድዎን አያቃጥልዎትም?»

እትዬ የነጠላዋን ጫፍ ማጠፍ ጀመረች።

«እትዬ፣ ስትጠየቂ መልሺ እንጂ!» አለች ሚጡ።

«ያቃጥለኛል» አለች እትዬ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጀመርኩት ጀምሮ።»

ሚጡ እህቷን አፍጥጣ አየቻት። በአንድ ጣራ ሥር፣ በአንድ ገበታ ይህንን ሁሉ ጊዜ፣ አንድም ቀን እንኳ ሆዴን ብላ አታውቅም። «ለምን አልነገርሽኝም? ለምንስ ነው የምትፈጪው?»

እትዬ ሰልፉን ወደኋላ ገልመጥ አደረገች። ሰልፉ ሁሉ ጆሮ ሆኗል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከመስኮቱ በቀዳዳው በኩል ለባለመነጽሯ ብቻ ለመንገር ሞከረች፤ ግን ድምፅዋ ስልክ የለመደ ነውና ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ኪኒን መዋጥ አልችልም። ጉሮሮዬ ይዘጋል። ከልጅነቴ ነው። በዚህ ዕድሜ፣ መዋጥ አልችልም ይባላል?»

ሚጡ ጀመረች፤ ከሆዷ የመጣ ሳቅ፣ ትከሻዋን የሚያርገፈግፍ፣ መስኮቱን የሚያስደግፍ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም!» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ለእኔ ኪስ የምትቆልፍ! ለእኔ የምትመክር!» እትዬ መጀመሪያ ልትቆጣ ቃጣት፤ ፊቷ ግን አልታዘዝ አላት፤ ከንፈሯ ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተንቀጠቀጠ። ልጅ ያዘለችው ሴት ከሰልፉ ውስጥ፣ «እማማ አይፈሩ፣ እኔም አልችልም» አለች። ክራንች የያዘውም፣ «እኔ በሙዝ ነው የምውጠው» አለ። ጋሼ ሾፌርም በራሳቸው ዘዴ ሊያስተምሩ አፋቸውን ከፍተው፣ ቆርቆሯቸውን አዩና ዘጉት።

ባለመነጽሯ ሁለቱንም ወደ ሐኪሙ መለሰቻቸው። ሐኪሙም የእትዬን ሆድ መርምሮ፣ የፊተኛውን ኪኒን አቁማ ጥቂት ቀን ሆዷን እንድታሳርፍ፣ ከዚያም ሌላ ዓይነት፣ ትንሽ ፍሬ፣ እንድትጀምር አዘዘ። «መዋጡን ደግሞ እስከዚያ ይለማመዱ» አላት፤ «በመድኃኒት አይደለም፤ በዳቦ። ለስላሳውን ክፍል አድቦልቡለው፣ መጀመሪያ ውኃ ተጎንጭተው፣ አገጭዎን ትንሽ ወደ ታች ዝቅ አድርገው። ሁሉም ሰው ወደ ላይ ያንጋጥጣል፤ ብዙውን ጊዜ ጉሮሮ የሚዘጋው ያን ጊዜ ነው።»

ቤት ሲገቡ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነበር። ረጅሙ ደወለ፤ መጋረጃዎቹን የአዳራሹን ሠራተኞች ይዞ ሰቅሎ ጨርሷል፤ አንዱ ብቻ በግራ በኩል ትንሽ ወርዷል መሰል አለ። ሚጡ ጉልበቷን በወንበር ላይ ዘርግታ፣ ቅባቷን ተቀብታ፣ ስልኩ ላይ ጮኸች፤ «ቀለበት ዘለሃል! ከግራ ሁለተኛውን እየው!» ረጅሙ አየው፤ እውነትም ዘሎ ነበር። እትዬ ከጓዳ ሾርባ ሠርታ አቀረበች። ሚጡ ጠግባ ከበላች በኋላ የራሷን አንዲት ፍሬ በውኃ ዋጠች። አንዲት። ሁለተኛዋን በዓይኗ ቃኘት ስታደርግ እትዬ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ሚጡም ካርቶኑን ዘጋች።

«አሁን ያንቺ ተራ ነው» አለች ሚጡ።

«ነገ።»

«ነገ የለም። አምጪ ዳቦ።»

ዳቦው ተቆረሰ፤ ለስላሳው ወጥቶ በሚጡ የመርፌ ጣቶች መካከል የምስር ፍሬ እስኪያህል ተድቦለቦለ። እትዬ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ እንደ ሙሽራ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። የመጀመሪያዋን ምላሷ ላይ አደረገች፣ ውኃ ተጎነጨች፣ ውኃው ብቻ ወረደ። «ታኝኪያለሽ!» አለች ሚጡ። «አላኝክም!» አለች እትዬ በሙሉ አፏ። ሁለተኛዋም እንዲሁ ሆነች። ሦስተኛዋ ላይ እትዬ በሳቅ ፈንድታ ውኃው በአፍንጫዋ ወጣ፤ ሚጡ ጀርባዋን እየመታች፣ «እንዴ፣ ትሞቺብኛለሽ! ሰው በዳቦ ሞተች ሊለኝ ነው!» አለች፤ እሱም የባሰ አሳቃት። ከሥር ጋሼ ሾፌር በመጥረጊያ እንጨት ጣራቸውን መቱ፤ ደኅና ናችሁ ወይ ማለታቸው ነው።

«ደኅና ነን!» ብላ ጮኸች ሚጡ ወደ ወለሉ። ከዚያ አራተኛዋን አድቦልቡላ እህቷ መዳፍ ላይ አኖረችላት፤ ድምፅዋንም ለስለስ አድርጋ፣ «አገጭሽን ዝቅ። እኔን እዪኝ። ሌላ ነገር አታስቢ» አለቻት።

እትዬ ዳቦዋን ምላሷ ላይ አደረገች። ውኃ ተጎነጨች። አገጯን ዝቅ አድርጋ ዓይኗን የእህቷ ዓይን ላይ ተከለች። ጉሮሮዋ ከፍ አለ፣ ቆመ፣ ዝቅ አለ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ። እትዬ አፏን ከፍታ ምላሷን አወጣች፣ ባዶ ነው፤ ከላይም ከታችም አሳየቻት።

«ወረደ?» አለች ሚጡ በሹክሹክታ።

እትዬ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ጥቂት አዳምጣ፣ በዚያ በጥርት ባለ ድምፅዋ፣ «አገናኝቻለሁ» አለች።